ፒያኖው ያልደረሰበት ነሐስ

እ.ኤ.አ. በ1941 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሁለት ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ሸክላ ያስቀርፃሉ። አንዱ አርባ ዓመቱን የደፈነው ካናዳዊ ኮሊን ማክፊ ነው። ሌላው በጦርነቱ ዋዜማ ከአገሩ ወጥቶ አሜሪካ የከረመው፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው እንግሊዛዊ ቤንጃሚን ብሪተን። ሁለቱም የሙዚቃ ደራሲዎች ናቸው፤ የሚጫወቱት ግን የራሳቸውን ፈጠራ አይደለም። ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በባሊ፣ በቤተ መቅደስ ደጅና በጭፈራ አደባባይ በነሐስ የሚመታውን ሙዚቃ ማክፊ ወደ ፒያኖ መልሶ «የባሊ የበዓል ሙዚቃ» ብሎ አሳትሞታል፤ የሚቀረፀው እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ቅጂ ዛሬም ይደመጣል። ከታች አንድ ከባድ ድምፅ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል፤ መሐል ላይ ዜማው ሳይቸኩል ይራመዳል፤ ከላይ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ጆሮ ሊከተለው በሚያዳግት ፍጥነት ይቀባበላሉ። ውብ ነው። ነገር ግን ባሊ ውስጥ ከመሣሪያዎቹ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አንድ ነገር የለውም። ማክፊ ዓመታትን እዚያው ኖሮ የተመለሰ ሰው ነውና ጉድለቱን አሳምሮ ያውቀዋል።

የጎደለው ምን እንደሆነ ለመረዳት ከመሣሪያው መነሣት ያስፈልጋል። ጋሜላን የአንድ መሣሪያ ስም አይደለም፤ አብረው የተሠሩ፣ አብረው የተቃኙ፣ አብረው የሚኖሩ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ዛሬ ባሊ ውስጥ በብዛት የሚታየውን ዓይነት ለመምታት ከ20 በላይ ሰው ይፈልጋል። ትልልቅና ትንንሽ ጎንጎች፣ በእንጨት መደገፊያ ላይ የተደረደሩ የነሐስ ሰሌዳዎች፣ እንደ ድስት የተደረደሩ ባለ እምብርት ጎንጎች፣ ጥንድ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ዋሽንት። ከየሰሌዳው ሥር የቀርከሃ ቱቦ ቆሟል፤ ድምፁን የሚያጎላው እሱ ነው። ተጫዋቹ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። በቀኝ እጁ የእንጨት መዶሻ ይዞ ሰሌዳውን ይመታል፤ ወዲያው የሚቀጥለውን ሲመታ የግራ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ ቀድሞ የተመታውን ቆንጥጠው ዝም ያሰኙታል። ይህ ቁንጠጣ ካልፈጠነ ድምፁ በድምፅ ላይ ተከምሮ ይደፈርሳል። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ቀኙ ሳይሆን ይኸው ግራ እጅ ነው።

በክሉንግኩንግ አካባቢ ቲሂንጋን የምትባል መንደር በጎንግ ቀጥቃጮቿ ትታወቃለች። መዳብና ቆርቆሮ አቅልጠው ነሐሱን ያወጣሉ፤ በእሳት እያጋሉ ይቀጠቅጡታል፤ ከዚያ መቃኘቱ ይመጣል። ሰሌዳው ከሆዱ ሲፋቅ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከጫፉ ሲሞረድ ከፍ ይላል። የሚቃኘውም ከአንድ አገር አቀፍ ልክ ጋር ለማስማማት አይደለም። ደሴቲቱን በሙሉ የሚገዛ አንድ ልክ የለም። የቅኝቱ አምስት ድምፆች በየመንደሩ ጥቂት ጥቂት ይለያያሉ፤ ስለዚህ የአንዱን መንደር መሣሪያ ወስዶ ከሌላው መንደር ጋር መምታት አይቻልም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። መሣሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ ለዓይን መንታ ይመስላሉ። የአንዱ ቅኝት ግን ሆን ተብሎ ከሌላው ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። ዝቅ ያለውን ፔንጉምባንግ፣ ከፍ ያለውን ፔንጊሰፕ ይሉታል። ሁለቱ ባንድነት ሲመቱ በንዝረታቸው መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ይሰማል፦ አንዱ በሰከንድ 200 ጊዜ፣ ሌላው 207 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ድምፁ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል። ባሊዎች ኦምባክ ይሉታል፤ ማዕበል እንደማለት። የጋሜላን ሕይወቱ እሱ ነው። የአውሮፓ ፒያኖ ቃኚ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ የሚለፋው ይህንኑ ርግብግብ ለማጥፋት ነው፤ አንድ መዶሻ የሚመታቸው ሁለትና ሦስት ክሮች እንደ አንድ እስኪሰሙ ድረስ ያስማማቸዋል። በ1941 ሁለቱ ፒያኖዎች የባሊን ዜማ አንድም ሳያስቀሩ ሲመቱ ማዕበሉ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ምሥጢር ፍጥነቱ ነው። በላይኛው ድምፅ ላይ የሚሰማው ሩጫ አንድ ሰው የሚችለው አይደለም። ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ፖሎስ ይባላል፣ ሌላው ሳንግሲህ፤ አንዱ ዝም ባለበት ቅጽበት ሌላው ይገባል፤ አድማጩ ግን አንድ ያልተቋረጠ ዜማ ይሰማል። ኮቴካን የሚሉት ይህ ነው። የእኛን እምቢልታ ነፊዎች ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ እያንዳንዱ በእጁ ያለው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው። ባሊ ውስጥ ይህ ጥበብ ወደ አስደናቂ ፍጥነትና ውስብስብነት አድጓል። የሚማሩትም ያለ ኖታ ነው። መምህሩ ከተማሪው ፊት ለፊት፣ ከመሣሪያው በወዲያ በኩል ተቀምጦ ግራና ቀኙን ገልብጦ ይመታል፤ ተማሪው መዶሻውን እያየ ይከተላል።

የፓሪሱ ኤግዚቢሽንና የተሳሳተው ደሴት

የዚህ ሙዚቃ ድምፅ ወደ ምዕራቡ የገባበትን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ከፈረንሳዊው ደራሲ ከክሎድ ደቢሲ ይጀምራሉ። በ1889 ፓሪስ የአብዮቷን መቶኛ ዓመት ስታከብርና የኤፍል ግንብ ሲመረቅ፣ በኤንቫሊድ አደባባይ ላይ የሆላንድ ቅኝ ግዛት መንደር ተሠርቶ ነበር። ደቢሲ በሃያዎቹ ዕድሜው ነበር፤ እየተመላለሰ አዳመጠ። ከ14 ዓመት በኋላ በ1903 የወጣው «ፓጎዶች» የተባለው የፒያኖ ድርሰቱ በአምስት ድምፅ ቅኝት፣ ረጅም በሚያስተጋቡ የታች ድምፆች የተሞላ ነው።

ይሁን እንጂ ደቢሲ የሰማው ባሊን አልነበረም። ከጃቫ ደሴት የመጡ ሙዚቀኞችን ነው። የጃቫ ጋሜላን፣ በተለይ የቤተ መንግሥቱ፣ ረጋ ያለና የለዘበ ድምፅ አለው፤ የባሊው የሚያብረቀርቅ፣ የሚያስደነግጥ፣ ድንገት የሚቆምና ድንገት የሚነሣ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር በአውሮፓ የሙዚቃ ጽሑፎች ውስጥ የቆየ ስንፍና ነው፤ በአንድ ስም መጠራታቸው ምክንያት አይሆንም። ደቢሲ ከጃቫ የወሰደውም ድምፁን እንጂ አሠራሩን አይደለም። ያ ግን ትንሽ ነገር አልነበረም። አንድ ሙዚቃ ወደ መደምደሚያ ሳይሮጥ ባለበት ሆኖ ሊያበራ እንደሚችል አንድ ታላቅ ደራሲ አምኗል ማለት ነውና።

ባሊ ራሷ በአውሮፓ ጆሮ የገባችው ዘግይታ ነው። በ1928 ኦዴዮን እና ቤካ የተባሉ የጀርመን ሸክላ አሳታሚዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ደሴቲቱ ሄዱ፤ በየመንደሩ ያሉ ቡድኖችን ቀረፁ። የሸክላው አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ረጃጅሞቹ ድርሰቶች ተቆርጠው ገቡ። ሸክላዎቹ ለባሊዎች እንዲሸጡ ታስበው ነበር፤ ገዥ አላገኙም። መንደሩ ውስጥ በየምሽቱ የሚሰማውን ነገር ሰው በገንዘብ ለምን ይገዛል? ከቅጂዎቹ ጥቂቱ ግን ባሕር ተሻግሮ ኒውዮርክ ደረሰ፤ በፓሪስ ተምሮ የተመለሰ፣ በዘመናዊ ሙዚቃ ደራሲነቱ ስም ማውጣት የጀመረ አንድ ወጣት እጅ ገባ።

ሳያን ላይ የተሠራው ቤት

ኮሊን ማክፊ በ1900 ሞንትሪያል ተወለደ። ሸክላዎቹን ከሰማ በኋላ በ1931 ከባለቤቱ ከጄን ቤሎ ጋር ባሊ ገባ። ቤሎ ራሷ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ነበረች፤ የገንዘቡም ምንጭ እሷ ነበረች። ኡቡድ አቅራቢያ ሳያን በምትባል መንደር፣ የአዩንግ ወንዝ ሸለቆን ቁልቁል በሚያይ ስፍራ ቤት ሠሩ። ማክፊ ወጣ ገባ እያለ እስከ 1938 መጨረሻ ኖረ። ፒያኖም አስመጣ። ሙዚቀኞች ወደ ቤቱ እየመጡ የየመሣሪያውን ድርሻ ለየብቻው፣ ቀስ አድርገው ይመቱለታል፤ እሱ በኖታ ይጽፋል።

በቤቱ ከገቡት ሰዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ሊጠራ ይገባዋል፦ ዋያን ሎትሪንግ። በደቡብ ጠረፍ ከምትገኘው ከያኔዋ የዓሣ አጥማጆች መንደር ከኩታ የመጣ ደራሲና መምህር ነው። በ1928ቱ ቅጂዎች ላይ የእሱ ቡድን ይሰማል። ማክፊና ብሪተን በሁለት ፒያኖ ከተጫወቷቸው ሦስት ሥራዎች መካከል «ጋምባንጋን» የተባለው የሎትሪንግ ድርሰት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ባሊ በምዕራቡ ላይ ስላሳደረችው ተጽዕኖ ሲጻፍ ከአንዱ ወገን ስሞች ይደረደራሉ፤ ደቢሲ፣ ብሪተን፣ ሜሲያን። ከሌላው ወገን የሚጠራው የደሴቲቱ ስም ብቻ ነው፤ ሙዚቃው ከሰው ሳይሆን ከአፈሩ የበቀለ ይመስል። ሎትሪንግ ግን ሰው ነበር፤ የቆየውን አፍርሶ አዲስ የሚያዋቅር፣ ለእንጨትና ለቀርከሃ መሣሪያ የነበረውን ስልት ወደ ነሐስ የሚያሻግር ፈጣሪ። እስከ 1983 በሕይወት ነበር።

ማክፊ የደረሰበት ወቅትም ተራ ወቅት አልነበረም። ሆላንዶች ደቡብ ባሊን የያዙት በደም ነው። በ1906 በባዱንግ፣ በ1908 በክሉንግኩንግ መሳፍንቱ ከነቤተሰባቸውና ከነአሽከሮቻቸው ወደ ወራሪው ጥይት ወጥተው አለቁ። ቤተ መንግሥቶቹ ሲወድቁ ያስተዳድሯቸው የነበሩ ጋሜላኖች ጌታ አጡ። በዚያው ዘመን፣ በ1915 ገደማ፣ ከሰሜን ባሊ ከቡሌሌንግ ኬብያር የተባለ አዲስ ስልት ፈነዳ፤ ፈጣን፣ ኃይለኛ፣ የመንደር ማኅበራትን እርስ በርስ የሚያፎካክር። ወጣቱ ሁሉ እሱን ወደደ። መንደሮች የድሮውን መሣሪያ እያቀለጡ ለአዲሱ ስልት የሚሆን ማሠራት ያዙ።

ማክፊ በዚህ አዘነ። ሴማር ፔጉሊንጋን የሚባለውን፣ በነገሥታቱ መኝታ ቤት አጠገብ ይመታ የነበረውን ለስላሳ ጋሜላን ፍለጋ ወጣ። መሣሪያ አግኝቶ ሳያን ውስጥ ቡድን አቋቋመ፤ የሚያውቁ መምህራንን፣ ሎትሪንግንም ጨምሮ፣ ጠራ። ለመንደሩ ሕፃናትም የራሳቸው ጋሜላን እንዲኖራቸው አደረገ፤ በኋላ ስለ እነሱ ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ጽፏል። በኬብያር ላይ የነበረው ቅሬታ ዛሬ ሲታይ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ባሊዎች ሙዚቃቸውን እያጠፉ አልነበረም፤ እያደሱት ነበር፤ ኬብያርም ዛሬ የደሴቲቱ ዋና ስልት ነው። ሆኖም እሱ በኖታ ባያሰፍረው ኖሮ ከነአካቴው ይጠፋ የነበረ ብዙ ነገር እንዳለ አያጠራጥርም።

በ1936 ለኦርኬስትራ «ታቡህ-ታቡሃን»ን ጻፈ። ሁለት ፒያኖ፣ ሴሌስታ፣ ክሲሎፎን፣ ማሪምባና ግሎከንሽፒል ከመሐል ሆነው እንደ ጋሜላን ይሠራሉ፤ ከባሊ የመጡ ጎንጎችም አሉበት። በዚያው ዓመት ካርሎስ ቻቬዝ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ መርቶ አሰማው፤ ሰውም ወደደው። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለ። ኒውዮርክ የሰማችው በ1953 ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ሲመራው ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ማክፊ ከባሊ ሲወጣ ትዳሩ ፈርሷል፤ ገንዘቡ አልቋል። ወዳጁ ጀርመናዊው ሠዓሊና ሙዚቀኛ ዋልተር ሽፒስ በ1938 መጨረሻ በቅኝ ገዥው ፖሊስ ታሰረ፤ በጦርነቱም እንደ ጠላት ዜጋ ተይዞ ሲጓዝ በ1942 የተሳፈረባት መርከብ በጃፓን ቦምብ ሰጥማ ሞተ። ማክፊ አሜሪካ ውስጥ በችግር ኖረ። ድርሰት ለዓመታት ራቀው። ሌላ ሰው ጥቂት የሰማውን ይዞ ወደ ራሱ ሥራ ይመለሳል፤ እሱ ግን ጠልቆ ስለገባ መመለሻው የጠፋው ይመስላል። መጨረሻ ላይ በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ በ1964 ሞተ። የዕድሜውን ድካም የያዘው «ሙዚቃ በባሊ» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በ1966፣ እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬም ያለ እሱ ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ የለም።

ከጆሮ ወደ አሠራር

ሌሎቹ ደራሲዎች ጥቂት ወስደው ብዙ አተረፉ። ፍራንሲስ ፑላንክ በ1931 በፓሪሱ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ላይ ከባሊ የመጣውን ቡድን ሰማ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሁለት ፒያኖና ኦርኬስትራ በጻፈው ኮንቼርቶ የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ፣ ከዚያ ሁሉ ጨዋታና ቀልድ በኋላ፣ የባሊ ድምፅ ይመጣና ሁሉን ያረጋጋል። ቤላ ባርቶክ ለፒያኖ ተማሪዎች ባዘጋጀው ስብስብ ውስጥ «ከባሊ ደሴት» የምትል አንዲት አጭር ሥራ አስገባ። ኦሊቪየ ሜሲያን በ1949 ቦስተን ላይ በተሰማው በ«ቱራንጋሊላ» ሲምፎኒው ውስጥ ፒያኖ፣ ሴሌስታ፣ ቫይብራፎንና ግሎከንሽፒል ሰብስቦ በኦርኬስትራ መሐል የራሱን ጋሜላን አቆመ።

ብሪተን የተለየ ነው። ሸክላውን ሲቀርፅ የባሊን ሙዚቃ ከማክፊ ጣት ነበር የሚያውቀው። በጥር 1956 ከጓደኛው ከዘፋኙ ፒተር ፒርስ ጋር በእስያ ሲጓዝ ባሊ ገባ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ከየቡድኑ አጠገብ ተቀምጦ ቅኝቶቹን በማስታወሻው ጻፈ፤ ለረዳቱ ለኢሞጅን ሆልስት በላከው ደብዳቤም የሙዚቃውን ውስብስብነት ከደራሲው ከሾንበርግ ጋር አስተካክሎ አወደሰው። በዚያን ጊዜ የጀመረው «የፓጎዶቹ ልዑል» የተባለው ባሌ አልንቀሳቀስ ብሎት ነበር። ባሊ መንገድ ከፈተችለት። ባሌው በጥር 1 ቀን 1957 ኮቨንት ጋርደን ሲታይ፣ ልዕልቲቱ ወደ ፓጎዶቹ ምድር ስትደርስ ኦርኬስትራው ወደ ጋሜላን ይለወጣል።

ከዚያ ወዲህ ይህ ድምፅ በብሪተን ሥራ ውስጥ አንድ ትርጉም ይዞ ቀረ፤ የማይደረስበት ነገር ምልክት ሆነ። በ1973 በቀረበው በመጨረሻ ኦፔራው «ሞት በቬኒስ» ውስጥ ሽማግሌው ደራሲ የሚማረክበት ልጅ ታድዚዮ አይዘፍንም፤ ይጨፍራል፣ የሚያጅበውም በቫይብራፎን የሚመራ የመምቻ መሣሪያዎች ቡድን ነው። ልጁ በዓይን ይታያል፣ በቃል አይደረስበትም፤ ዘፋኞቹና እሱ የሚኖሩበት ዓለም በድምፅ ተለያይቷል። እጅግ ይነካል። ግን ባሊ ውስጥ ይህ ሙዚቃ የሩቅ ነገር አይደለም። ሬሳ ሲቃጠል፣ ወጣት ጥርሱ ሲሞረድ፣ ቤተ መቅደስ ሲያከብር አብሮ ያለ የሰፈር ሰው ሥራ ነው። ለአውሮፓዊው የሌላ ዓለም ደወል የሆነው ለመቺው የጎረቤቱ ድግስ ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ የተሻለ የተረዳው ስቲቭ ራይሽ ይመስለኛል። አሜሪካዊው ራይሽ በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ ተምሯል፤ በ1973 እና በ1974 ክረምት ደግሞ በሲያትልና በበርክሌይ ከባሊ መምህራን ሥር ተቀምጦ መታ። አቋሙ ግልጽ ነበር፦ የሌላውን ሕዝብ ድምፅ መቅዳት ጌጥ ከመሆን አያልፍም፤ መማር ያለበት አሠራሩ ነው። በ1976 የቀረበው «ሙዚቃ ለ18 ሙዚቀኞች» ውስጥ አንድም የባሊ ቅኝት አይገኝም። መሪ ግን የለም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፉት ቫይብራፎኑ በድምፅ ሲጠራቸው ነው፤ ልክ በጋሜላን ከበሮ መቺው ለውጡን በከበሮው እንደሚጠራ። ፒያኖዎቹና ማሪምባዎቹ አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው እየሞላ ይሄዳሉ። ባሊን ፈልጎ ያዳመጠ ሰው አያገኛትም፤ ከ18ቱ እንደ አንዱ ሆኖ የተቀመጠ ግን ያውቃታል። ደራሲው ሎው ሃሪሰን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1971 ከጓደኛው ከዊሊያም ኮልቪግ ጋር ከአልሙኒየም ሰሌዳና ከብረት ቱቦ የራሱን ጋሜላን ሠራ፤ የቤዝቦል ዱላ እንኳ በመዶሻነት አገልግሏል። ጥንካሬው ያለው ቅኝቱን በእኩል ከተከፈለው ከፒያኖው ልክ ነፃ ማውጣቱ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከደራሲዎች እጅ ወጥቶ ወደ ተጫዋቾች ገባ። በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማይክል ቴንዘር፣ ሬቸል ኩፐርና ከባሊ የመጣው ዋያን ሱወቻ ሴካር ጃያ የተባለ ቡድን አቋቋሙ፤ በ1985 አሜሪካውያኑ ባሊ ሄደው በባሊዎች ፊት መቱ። ስሕተቱን ሁሉ የሚያውቅ አድማጭ ፊት መቀመጥ ቀላል አልነበረም፤ ግን ተወደዱ። ደራሲው ኢቫን ዚፖሪን በ1993 ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጋላክ ቲካ የተባለ ቡድን መሠረተ። ባሊዎቹም ቀጥለዋል። ዴዋ ኬቱት አሊት በ2007 ሳሉካት የተባለ ቡድን አቋቁሞ በአምስት ድምፅ ሳይወሰን 11 ድምፅ ያለው አዲስ የነሐስ ስብስብ አሠራ።

በ2009 ዚፖሪንና ሳሉካት ተገናኙ። ዚፖሪን የማክፊን ሕይወት ኦፔራ አድርጎ «ቤት በባሊ» አለው፤ ስሙ ማክፊ በ1946 ካሳተመው ማስታወሻ የተወሰደ ነው። መጀመሪያ የታየው ኡቡድ ውስጥ ነው። ሳሉካት ከባሊ፣ ባንግ ኦን ኤ ካን የተባለው ቡድን ከኒውዮርክ ባንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ዓይነት መገናኘት ውስጥ ነሐሱ ቅኝቱን ለማንም አይለውጥም፤ ለመለወጥ ቀጥቃጭና ሞረድ ይፈልጋል። ቫዮሊንና ቼሎ የያዙት ናቸው በገመዱ ላይ ጣታቸውን ጥቂት ወዲህ፣ ጥቂት ወዲያ እያንሸራተቱ የባሊውን ድምፅ መፈለግ ያለባቸው።